አስራ አንደኛዋ ዘፈን

በመካነ ሰላም ስለ ድምፃዊ አራጌ አምባቸው ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም። ጉራ አይደለም፤ በአድናቂዎቹ የጥያቄና መልስ ውድድር ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፌያለሁ። ክራሩን ማን እንደመታለት፣ ሽፋኑ ላይ የለበሰው ኮት የማን እንደነበር ጠይቁኝ። ዘንድሮም የሄድኩት አራተኛውን ዋንጫ ላመጣ ነበር።

የመጨረሻው ጥያቄ ሲነበብ ሳቄ መጣ። የአራጌ የመጀመሪያ ካሴት ስንት ዘፈን አለው? አስራ አንድ ብዬ ጻፍኩ። ከማሻ የመጣው መምህር አለምነው ደግሞ አስር ብሎ ጻፈ። ከአዲስ አበባ የመጣው ዳኛ የካሴቱን ዋና ሽፋን አውጥቶ አሳየን። አስር ነው። አዳራሹ አጉረመረመ፤ የከተማው ሰው ሁሉ የሚያውቀው አስራ አንድ ነዋ። ዋንጫው ግን ማሻ ሄደ።

ያንገበገበኝ ዋንጫው ብቻ አልነበረም። አስራ አንደኛዋ ዘፈን የተሞሸርኩባት ናት። ኩታበር ገበያ ሄዳ ስለቀረች ልጅ ነው የምታወራው። መጨረሻዋ ላይ ቁርጥ ትላለች፤ ሠርግ ላይ እዚያ ስትደርስ ሁላችንም ቀጥ ብለን ቆመን እልል እንላለን። እና የአራጌ ካልሆነች የማን ናት?

እዚህ ከተማ ዋናውን ካሴት የገዛ ሰው አላውቅም። ሁላችንም የሰማነው ጋሽ ሀምዱ በካሴት ሱቃቸው የቀዱልንን ነው። ዛሬ እዚያችው ሱቅ ውስጥ ሞባይል ይጠግናሉ። በማግስቱ ካሴቴን ይዤ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አስራ አንደኛዋን ከየት አመጧት?»

ቀና አላሉም። «ቴፑ ቦታ ተርፎት ነበር። ባዶውን ከሚሄድ ብዬ ነው።»

«ማን ነው የዘፈናት?»

የያዙትን ብሎን አጠበቁ። «እኔ።»

ተናደድኩ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምነው ዝም አሉ?»

«ሰው ይልመዳት፣ ከዚያ እናገራለሁ ብዬ ነበር። ሰዉ ግን የአራጌ ናት ብሎ ጨፈረባት። የእኔ ናት ብል ማን ያምነኛል? ቢያምኑኝስ ወላሂ ይጠሏታል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔም አላምንዎትም» አልኩ።

ስልኩን አስቀምጠው በቀስታ ዘፈኑ። ድምፁ አርጅቷል፤ ግን ያው ድምፅ ነው። ቁርጥ የምትልበት ቦታ ሲደርሱ አላቆሙም። ሰምቼው የማላውቀው ስንኝ መጣ። ልጅቷ በጭጋግ ውስጥ ጨው ተሸክማ ዳገቱን ወጣች፤ ቤቷ ገባች።

«ትመለሳለች እንዴ?»

«ትመለሳለች። ቴፑ ነው ያለቀብኝ።»

አለቀስኩ። ያን ሁሉ ዘመን ቀርታለች ብዬ ነው ያዘንኩላት።

«አብሽሪ» አሉ። «ዋንጫሽንም ያስበላሁሽ እኔ ነኝ።»

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ከካሴቱ ሽፋን ውስጥ በልጅነቴ የጻፍኩትን የዘፈኖች ዝርዝር አወጣሁ። ከአስራ አንደኛዋ ጎን አራጌ የሚለውን ሰረዝኩ።

«ሙሉ ስም ከነአያት» አልኳቸው።

«ተይው እንጂ አልታየች፣ ምን ያደርጋል?»

«ከነአያት፣ ጋሼ።»

«ሀምዱ ይማም አሊ» አሉና፣ መነጽራቸውን አስተካክለው መጻፌን ለማየት ጠጋ አሉ።