በረዶው ሳይቀልጥ

ከመንካቱ በፊት መለሰች እኮ፣ ከመንካቱ በፊት! ማደንዘዣ ሐኪሙ በረዶ የሞላውን ጓንት ገና ወደ ሆዷ እያስጠጋ፣ እናቴ፣ ይቀዘቅዝዎታል? ከማለቱ፣ ኧረ ምንም አይሰማኝም፣ አለች እናቷ፣ እሱም፣ ጎሽ፣ መድኃኒቱ ይዟል ብሎ ጓንቱን ሳህን ላይ ጥሎ ከመጋረጃው ወዲያ ወዳለው አልጋ። ልጇን ቁንጫን ግን ማን ይሸውዳታል፣ ቁንጫ ያሏት እቤት ውስጥ ሳትነክሰው የቀረ ሰው ስለሌለ ነው፣ ውሸታም ቸኩሎ እንደሚመልስ ታውቃለች፣ ያስተማረቻት ይቺው የተኛችው ሴትዮ ናት።

በረዶው ይቀልጣል። ጠብ።

ትናንት ካንሰሩን ከአንጀቷ ቆርጠው አወጡት፣ በአከርካሪዋ በኩል ክር የምታክል ቱቦ ገብታለች፣ ሲያምዎ ይቺን ቁልፍ ይጫኑ፣ መድኃኒቱ በጀርባዎ ይገባል ተብላለች፣ ተጫንሽ እማዬ? ተጫንኩ። የት አባቷ! አውራ ጣቷ ከቁልፉ ጎን ነው፣ ባዶ ፕላስቲክ ነው የምትጫነው፣ ፎጋሪ፣ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኖ፣ አንሶላውን ጨምድዳ፣ አትስቅ፣ አታስል፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ።

ለምን? ለምንማ ነግራታለች፣ ጠዋት፣ በሹክሹክታ። ሐኪሙ ከቀዶ ጥገናው በፊት አስረድቶ ነበር፣ በደም ሥር የሚሰጡት ጠንካራ ማስታገሻዎች የሰውነትን የመከላከል አቅም ሳያዳክሙ አይቀሩም የሚል ጥርጣሬ አለ፣ በጀርባ የሚሰጠው ይሻላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፣ እርግጡ ገና አልታወቀም፣ ሕመሙ ራሱ ግን የሰውነትን ወታደሮች ያደክማል። እናቷ ከዚህ ሁሉ የሰማችው ማስታገሻ፣ ወታደር፣ ያደክማል። አንዲት የካንሰር ፍሬ ተደብቃ ቀርታ እንደሆነስ? ወታደሮቼን አላስተኛም፣ ለማንም እንዳትናገሪ፣ በሞቴ! በሞቴ ትላለች ደሞ፣ ሌላ መሐላ ጠፍቶ!

ጠብ።

ብትናገር ከሃዲ፣ ዝም ብትል እናቷ እዚያው ፊቷ ትንገበገባለች፣ ምን ይሻላል፣ ተነሺ፣ ተቀመጪ፣ ጥፍርሽን አትብዪ አንቺ። ቃል ቃል ነው፣ አትናገርም። ስለ በረዶ ግን ማን አስማላት?

እማዬ፣ ጣሪያው ላይ ሸረሪት! የታል? እዚያ ጥግ! ከጓንቱ በረዶ የዘገነ እጇ በአንሶላው ስር ሾልኮ፣ ከፋሻው ራቅ አድርጋ፣ በጎኗ ላይ፣ ጥብቅ።

ኡኡ! ቀዘቀዘኝ! አንቺ የሰይጣን ቁራጭ!

 ሐኪሙ መጋረጃውን ይከፍታል። ቀዘቀዘኝ አሉ እናቴ? የእናቷ ዓይን ጦር ነው፣ ግን ዕንባዋ ይቀድማታል፣ ወታደሮቼ ትላለች፣ ወታደሮቼ እንዳይተኙብኝ። ሐኪሙ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ይላል፣ ይሄኮ በጀርባ የሚሰጠው ነው፣ በደም ሥር የሚሰጠው አይደለም፣ ወታደሮችዎን ምን ያህል እንደሚረዳቸው ቆርጬ አልነግርዎትም፣ አልዋሽዎትም፣ ሕመም ታቅፎ መተኛት ግን ለወታደር ስንቅ አይሆንም። አውራ ጣቷ ይዘገያል፣ አሁን ቁልፉ ላይ ነው፣ ቁንጫ ጎንበስ ብላ አረጋግጣለች።

ከዚያ መጠበቅ። ጨምዳዳው አንሶላ ቀስ እያለ ከእጇ ይለቀቃል፣ ትንፋሿ ይረዝማል፣ ታስላለች፣ አሳለች እኮ! ከሃዲ፣ ትላለች ዓይኗን ጨፍና፣ በይ ነይ፣ በረዶሽን አምጪና ሞክሪኝ፣ አሁን አልሸውድሽም።

ቁንጫ አፏን በእጇ አፍና ትንፈቀፈቃለች፣ ሳቅ ይሁን ለቅሶ እሷም አልለየላት፣ የመጨረሻዋ የበረዶ ፍንካች እናቷ ሆድ ላይ ከተቀመጠች ቆይታለች፣ ቀልጣ በጎኗ እየወረደች ነው፣

በይ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?