ብረት የሚሰብር እጅ

«የእጅ ባትሪውን ዝቅ አድርጊልኝ፣ እህቴ» አላት መካኒኩ የሟችን ሚስት፣ ከአሮጌዋ ቫን መሪ ሥር በጀርባው ተንጋሎ።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቫኗ በሩን ዘግታ ስለቆመች የኪራይ ወንበር የጫነው መኪና መግባት አልቻለም። ሟች የሚያስነሳበት ቁልፍ ከሆስፒታል በተመለሰው ልብሱ ውስጥ አልተገኘም፤ የሚስቱ ቁልፍ ደግሞ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ ማስነሻውን አያዞርም። ስለዚህ ማስነሻው ተነቅሎ በአዲስ ሊተካ ነው።

«እሷ ብቻ እንዳትነካው!» አለች የሟች እህት ሻይ እያደለች። «ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሷ እጅ ብረት ይሰብራል ይል ነበር።»

ለቀስተኞቹ ፈገግ አሉ። ሚስትየዋም ፈገግ አለች፤ ለምዳዋለች።

ቫኗን ሲገዙ መንጃ ፈቃድ የነበራት እሷ ነበረች። ሁለት ዓመት ሙሉ ለየሱቁ ዳቦ ስታደርስ ኖራ፣ ባሏም መንጃ ፈቃድ ካወጣ በኋላ አንድ ማለዳ ቁልፏ አልዞር አለ። ባሏ መጣና በራሱ ቁልፍ እንደ ቀልድ አስነሳት።

«ሰብረሽዋል» አላት ቀስ ብሎ። «ከእንግዲህ አመሏን የማውቀው እኔ ነኝ። ግድ የለም፣ ከጎኔ ተቀመጪ።»

ስላልተቆጣት አመሰገነችው። ዘጠኝ ዓመት ይቅርታ እየጠየቀች ከጎኑ ተቀመጠች።

መካኒኩ ማስነሻውን ነቅሎ መዳፉ ላይ ሲያገላብጠው ሳቀ። «ይሄንንማ ያሰርኩት እኔው ነኝ! ሽቦ በቀይ ክር የሚጠመጥም ሌላ ማን አለ?»

«መቼ?»

«ዘጠኝ ዓመት አይሆነውም? እናትሽን ልታስታምሚ የሄድሽ ሰሞን።»

«የበፊቱ ምን ሆኖ ነበር?»

«ምንም። ደህና ነበር። ‹ሰው ሁሉ የሚስትህ መኪና እያለ ይቀልድብኛል› ብሎ ነው ያስቀየረኝ…» ፊቷን አየና ቆመ። «አልነገረሽም እንዴ? ኧረ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ!»

ሦስት ቀን ድምጿ እስኪዘጋ ያለቀሰችለት ሰው ነው። ከድቷታል፤ ያንገበገባት ደግሞ «ለምን?» ብላ የምትጮህበት ፊት አለመኖሩ ነው።

አዲሱ ማስነሻ ገብቶ አለቀ። መካኒኩ አንገቱን እንደደፋ ሁለቱንም አዳዲስ ቁልፎች ሰጣት። «እኔ ላስነሳልሽ?»

«እኔ አለሁ።»

«ኧረ ተዪ፣ ትሰብሪዋለሽ!» አለች የሟች እህት።

«አልሰበርኩም» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «አንድም ቀን አልሰበርኩም።»

ገብታ ተቀመጠች። ወንበሩ በባሏ እግር ልክ ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እግሯ ፍሪሲዮኑ ላይ አልደረሰም። ወንበሩን ልታስጠጋ እጇን ወደ ሥር ሰደደች፤ ማስጠጊያውን ጨበጠችው። ከሱ የቀረው ልክ ይህ ነበር፤ ሳትስበው ለቀቀችው። ተንፏቃ የወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ በእግር ጣቶቿ ጫፍ ፍሪሲዮኑን ረገጠችና ቁልፉን አዞረች።