ሳበ

እኔ ፀሐይወርቅ ሰው ቶሎ አላምንም። ለምን አትበሉኝ፣ አፈጣጠሬ ነው። ሌንሳን ግን አምኜ ነበር። ላፍቶ አንድ ቤት ተከራይተን በሶ እንሸጣለን፤ እኔ ገብሱን እቆላለሁ፣ እሷ አስፈጭታ ታሽጋለች። ከዚህ ሥራ ሌላ ሁለታችንም ምንም የለንም።

ሰሞኑን ታዲያ ጓዳውን መቆለፍ ጀመረች። ጣቶቿም ሰማያዊ ሆነዋል። "ምንድን ነው የምትሠሪው?" ስላት፣ "ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ፣ ገና አልተስተካከለም" ትለኛለች። ምኑ ነው የማይስተካከለው? ደሜ ፈላ።

ዛሬ ወፍጮ ቤት ስትሄድ ቁልፉን ረስታ ወጣች። ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ትሪ ውስጥ የረጋ፣ ሲነኩት የሚንቀጠቀጥ ጄላቲን፤ አጠገቡ ቀለምና ሮለር። ከላይ ገመድ ላይ የገብስ ዛላ የታተመባቸው ወረቀቶች ተሰቅለዋል። አንደኛው ቀለም በዝቶበት ተጨማልቋል፣ ሌላው ደብዝዟል፣ የመጨረሻው ላይ ግን የገብሱ ጺም አንድ በአንድ ይታያል። ከሥሩ በወፍራሙ "ሳበ" ይላል።

ሳበ! ማንን? ደንበኞቼን ነዋ! ለብቻዋ ልትወጣ ስም ሳይቀር አውጥታለች። ወዲያው ዋናው ደንበኛችን፣ ባለሱቁ ሚሳኤል ጋ ደወልኩ።

"ከሌንሳ ምንም እንዳትቀበል፣ ሌባ ናት!"

"ሌንሳ? እስቲ ራሷን ልጠይቃት" ብሎ ዘጋው።

ሌንሳ ዱቄት ለብሳ ስትመለስ ወረቀቱን ፊቷ ላይ ወረወርኩት። "ይቺ ናት ሥራሽ? ሳበ?"

አየችውና ግንባሯን መታች። "ውይ በሞትኩት! ጄላቲኑን ቀለም ቀብቼ በጣቴ ስጽፍበት ልክ ነበር። ለካ ወረቀቱ ላይ ሲታተም ይገለበጣል! ገብሱ አማረልኝ ብዬ ፊደሉን ልብ አላልኩትም።"

ወረቀቱን መስኮቱ ላይ ለጥፋ በጀርባው አሳየችኝ። ሳ ሶ ሆነ። "በሶ" ይላል።

"ለማሸጊያችን ነው እትዬ። ከላይ ስምዎን ላደርግበት ነበር፣ 'የፀሐይ በሶ' ብዬ። ሲያምር ላሳይዎት ነው የደበቅሁት።"

ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት ስልኳ ጮኸ።

"ሚሳኤል ነው!" አለች እየሳቀች። "ይኸው፣ ገና ሳይለጠፍ ደንበኛ ሳበ!"

"ተይው፣ አታንሺው!" ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

"አቤት ሚስዬ" ስትል ሳቋ ገና ፊቷ ላይ ነበር።