ሲስተር ያጠፋቻቸው መብራቶች

ሲስተር ከገዛ መኪናዋ መሪ ሥር ተንበርክካ፣ የኮድ ማንበቢያዋን ገመድ በጥርሷ ነክሳ፣ ሶኬቱን በጣቷ ስትዳብስ ባለታክሲው የግቢውን በር በትከሻው ገፍቶ ገባ። ሰላምታ አላስቀደመም። በጥቁር ፌስታል የጠቀለለውን ነገር የመኪናዋ ኮፈን ላይ ጓ አድርጎ አስቀመጠው።

“ኧረ ቀስ! ቀለሙን ልትልጠው ነው እንዴ?” አለች ገመዱን ከአፏ አውጥታ።

“የቀለሙ ነገር ይቆየን፣ ሲስተር። ይቺን ይዩልኝ።”

“መጀመሪያ በሩን ዝጋው። ያቺ ሴትዮ ጉዳችንን ሁሉ ታያለች።”

ያቺ ሴትዮ የምትላት ከአጥሩ ማዶ የምትኖረውን ልብስ ሰፊ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የቤት ቁልፍ እየተሰጣጡ ኖረው፣ ከሦስት ወር በፊት ከሲስተር ዛፍ በሚረግፍ ቅጠል ተጣሉና ይኸው መንገድ ላይ ሲገናኙ እንደማይተዋወቅ ሰው ይተላለፋሉ። ነገሩ በአንድ ይቅርታ ያልቅ ነበር። ይቅርታ መጠየቅ ግን የሲስተር ተሰጥኦ አይደለም።

ባለታክሲው በሩን ዘግቶ ተመለሰና ፌስታሉን ፈታው። ከውስጡ ቡጢ የሚያህል የብረት ቀለበት ወጣ። አንድ ጎኑ ተበልቷል። ውስጡ ከተደረደሩት ትንንሽ የብረት ኳሶች ገሚሱ የለም፣ የቀሩትም በተቃጠለ ግራሶ ጠቁረዋል።

“ምንድን ነው ይሄ?”

“ኩሽኔታ ነው። የግራ የፊት ጎማዬ የሚዞርበት። የሚዞርበት የነበረ ማለት ይሻላል።”

ሲስተር ተነስታ ጉልበቷን አራገፈች። ሠላሳ አንድ ዓመት በነርስነት፣ አብዛኛውን ዘመኗን በድንገተኛ ክፍል ያገለገለች ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። በወጣች በዓመቱ አንድ ጋራዥ መኪናዋን ዘጠኝ ቀን አስቀምጦ፣ ያንኑ ቢጫ መብራት እንዳበራ መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መካኒክ የሚባል ፍጥረት ዓይኗ ውስጥ አልገባም። በእጅ የምትያዝ፣ መስኮትና አራት ቁልፎች ያሏት ማንበቢያ ገዛች። መሣሪያዋ ከመሪው ሥር ስትሰካ ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ተነጋግራ የችግሩን ቁጥር ታወጣለች፣ መጽሐፏም የቁጥሩን ትርጉም ይናገራል፣ መጨረሻ ላይ መሣሪያዋ “ይሰረዝ?” ብላ ትጠይቃለች። ሲስተር “አዎ”ን ስትጫን መብራቱ ድርግም ይላል። ሥራ የለመደ እጅ መቼ ቦዝኖ ይቀመጣል? ጎረቤቱ ሁሉ መኪናውን እየያዘ ደጇ ላይ ተሰለፈ። እሷም እንደ ድሮዋ ለእያንዳንዱ መኪና በደብተር ላይ ካርድ አወጣችለት፤ የታየበት ምልክት፣ ቁጥሩ፣ የተደረገለት ሕክምና፣ በመጨረሻም “ዳነ”።

ባለታክሲው የመጣው ባለፈው ሳምንት ነበር። ቢጫ የፍሬን መብራት በርቶበት። መሣሪያዋ ሲ-0035 አለች፤ የግራ የፊት ጎማን ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር። ሲስተር መኪናው ሥር ተንጋልላ ገብታ የሴንሰሩን ጫፍ በአልኮልና በጥጥ ጠርጋ፣ ኮዱን ሰርዛ፣ መብራቱን አጥፍታ ነበር የሸኘችው።

“በሁለተኛው ቀን ተመልሶ በራ” አለ ባለታክሲው። “ነጋ ጠባ ላስቸግርዎት አፈርኩና ዝም ብዬ ነዳሁ። ትናንት ቁልቁለቱ ላይ መሪው እጄ ውስጥ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እንደ ምንም ጋራዥ አስገባሁት። መካኒኩ በክሪክ አነሳና ጎማውን በሁለት እጁ ይዞ ወዘወዘው። ሲስተር፣ ሊወልቅ እንደደረሰ ጥርስ ነው የተነቃነቀው!”

“ሴንሰሩስ?”

“ሴንሰሩማ ምን በወጣው! እውነቱን ነው የተናገረው። ኩሽኔታው ተበልቶ ጎማው ሲወላገድበት ጮኸ። እኛ አፉን ጠርገን ዝም አሰኘነው። መካኒኩ ‘ይሄን መብራት የገደለው ማን ነው?’ አለኝ። ስምዎን አልጠራሁም።” ፈገግ አለ። “ሌላ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ብነዳ ኖሮ ጎማው እኔን ቀድሞኝ ይደርስ ነበር አሉ።”

ሲስተር አልሳቀችም። ዓይኗ ኩሽኔታው ላይ፣ ልቧ ቁጥሩ ላይ ነበር። ሲ-0035። ይህን ቁጥር ከባለታክሲው በኋላ አንድ ቦታ ጽፋዋለች።

ደብተሩን ከመኪናው ወንበር ላይ አንስታ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። በራሷ እጅ፣ በራሷ የተስተካከለ ጽሕፈት፦ “የልጄ መኪና። ቢጫ የፍሬን መብራት። ሲ-0035። ሴንሰሩ ተጠረገ፣ ኮዱ ተሰረዘ። ዳነ።” ቀኑ ከትናንት ወዲያ ነው።

ሴት ልጇ፣ የእሷ ባል የሆነው አማቿና የአራት ዓመት የልጅ ልጇ ደግሞ ዛሬ ጎህ ሲቀድ ወደ አማቿ ወላጆች አገር ተነስተዋል። መንገዱ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ መሐሉ ላይ እንደ እባብ የተጠማዘዘ ቁልቁለት አለ። አሁን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆኗል።

“ወይኔ ልጄን!” አለች።

“ምነው ሲስተር? ምን ሆኑ?”

አማቿ ከትናንት ወዲያ እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆሞ “እማማ፣ ለማንኛውም ጋራዥ ባሳየው” ማለቱ ትዝ አላት። እሷ ምን አለችው? “አንተ እኮ ጥላህንም ትፈራለህ” አለችው። ልጇ ሳቀች። እሱም አንገቱን ደፋ። ከአማት ጋር የሚከራከር ሰው አይደለም። በዚህ ብቻ መች አበቃች? ኋላ ሌላ አዲስ ማንበቢያ ከገዛች ወዲህ ሥራ የፈታችውን ትንሿን አሮጌ መሣሪያ “ለመንገድ ትሁናችሁ” ብላ ለልጇ ሰጠቻት። የትኛው ቁልፍ እንደሚሰርዝም አሳየቻት።

የአማቿ ስልክ ዝግ ነው። የልጇ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች።

“ውሃ ላምጣልዎት?” አለ ባለታክሲው።

“ውሃህን ተወውና ደውል! በአንተም ስልክ ደውል!” ቁጥሩን እያምታታች ነገረችው። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። የልጇን ስልክ ቁጥር!

በአራተኛው ጥሪ ልጇ አነሳች። ከበስተኋላዋ ሬዲዮ ይጮሃል።

“እማዬ! ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ እኮ ነው። ደህና ነን፣ አታስቢ።”

“የት ደረሳችሁ?”

“ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነን። አየሩ ደስ ሲል! ደግሞ ልንገርሽ፤ ያ መብራት ሦስት ጊዜ በራ። ሦስቱንም ጊዜ እንዳስተማርሽኝ ሰካሁና ድርግም አደረግሁት! መካኒክ ሆኜልሻለሁ።”

ሲስተር ዓይኗን ጨፈነች። የመኪናው በር ላይ ተደገፈች።

“ድምፅ አለ? ከወለሉ ሥር የሚያጉረመርም ድምፅ?”

“አለ መሰለኝ። አስፋልቱ ነው ተባባልንና ሬዲዮውን ከፍ አደረግነው። ምነው?”

“ቁሙ! አሁኑኑ ቁሙ! ስልኩን ለእሱ ስጪው!”

“እየነዳ እኮ ነው፣ እማዬ—”

“ድምፁን ክፈቺው እንግዲያ! ልጄ፣ ትሰማኛለህ? መንገዱን ልቀቅና ቁም!”

“እማማ፣ ደህና ዋሉ” አለ አማቿ፣ ሁልጊዜ እንደሚለው በተረጋጋ ድምፅ። “ምንም ችግር የለም። መብራቱ ጠፍቷል እኮ።”

“የጠፋው እኔ ስላጠፋሁት ነው!” ጩኸቷ አጥሩን ተሻገረ። ማዶ ሲያንጓጓ የነበረው የልብስ ስፌት መኪና ዝም አለ። “መብራቱ ውሸቱን አልነበረም፤ የዋሸሁህ እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ፣ ልጄ። አንተ ልክ ነበርክ። በፈጠረህ፣ ቁም!”

ሲስተር ተሳስቻለሁ ስትል ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም። የሠራችበት ሆስፒታል ዋና ሐኪም እንኳ አልሰማም። አማቿም ምናልባት ከነገሩ ይልቅ ቃሉ ሳያስደነግጠው አልቀረም፤ ሬዲዮው ጠፋ፣ ቀጥሎ ጎማዎቹ ጠጠር ላይ ሲንቋቋ ተሰማ፣ ከዚያ ሞተሩ ቆመ።

“ልጁን ይዛችሁ ውረዱ። ከዚያ በክሪክ አንሳው፤ የግራውን የፊት ጎማ። አንድ እጅህን ከላይ፣ አንድ እጅህን ከታች አድርገህ ወዝውዘው” አለችው። ባለታክሲው አጠገቧ ቆሞ በእጁ እያሳያት ነበር፤ እሷ ያየችውን ትናገራለች።

ጊዜው አልገፋ አለ። የክሪኩ ብረት ሲንጣጣ፣ የልጅ ልጇ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ አንድ ነገር ሲጠይቅ፣ ልጇ “እሺ የኔ ጌታ” ስትል ይሰማታል።

“እማማ።”

“አቤት።”

“ጎማው…” አለ አማቿ። “ጎማው እጄ ላይ ይወዛወዛል። ልክ የተሰካ እንጂ የታሰረ አይመስልም። ፊት ለፊታችን እኮ ገደል ነው፣ እማማ። ከዚህ በኋላ ያለው ገደል ብቻ ነው።”

ልጇ ከበስተኋላ ስታለቅስ ሰማቻት። ሲስተር አላለቀሰችም። ባለታክሲው ስልኩን ከእጇ ቀስ አድርጎ ወሰደውና የት ቦታ እንደቆሙ ጠየቀ። ጎታች መኪና ያለው ሰው እንደሚያውቅ፣ ከዚያ ንቅንቅ እንዳይሉ፣ ከመኪናው ራቅ ብለው ጥላ ሥር እንዲቀመጡ ነገራቸው። ከዚያ ስልኩን መልሶላት ሰውየውን ሊያመጣ ሮጠ።

ሲስተር የቤቱ ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። ያ ኩሽኔታ እጇ ላይ ነበር፤ መቼ እንዳነሳችው አታውቅም። በድንገተኛ ክፍል ስንቷን እናት ነው የተቆጣችው! ልጇ ሲያተኩስ ማስታገሻ ሰጥታ፣ ግንባሩ ሲቀዘቅዝ ዳነ ብላ አስተኝታ፣ በሦስተኛው ቀን ተሸክማው የምትመጣን እናት። “ትኩሳቱን ገደልሽው እንጂ በሽታውን መች ነካሽው?” ትላት ነበር፣ ያች ምስኪን እስክትንቀጠቀጥ። ዛሬ ያንን ቁጣ የሚቆጣት ሰው ብታገኝ በወደደች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ እንደ እሷ ያለችው ናት።

ተነስታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ባለታክሲው ሲመጣ ያቋረጠችውን የራሷን ሥራ ጨርሶ ረስታዋለች። ገመዱ ሳይሰካ ወንበሩ ላይ ተጋድሟል። ቁልፉን አዞረችው። ያንን የሞተር መብራት በሁለት ወር ውስጥ አምስት ጊዜ አጥፍታዋለች፤ አሁንም ቢጫ ሆኖ በርቶ አያት። ገመዱን ጠቅልላ መሣሪያዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና መብራቱን እንደበራ ተወችው።

ከዚያ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አነበበችው። አሥራ አራት መኪና። አሥራ አራት “ዳነ”። የሬዲዮ ጠጋኙ፣ የዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ የልጇ የድሮ አስተማሪ… ባለታክሲው ዛሬ ባይመጣ ኖሮ እያለች ገጽ በገጽ ገለጠች። ስድስተኛው ገጽ ላይ እጇ ቆመ። “የልብስ ሰፊዋ መኪና። ቢጫ የፍሬን መብራት። የፊት ቀኝ ጎማ ሴንሰር። ተጠረገ፣ ተሰረዘ። ዳነ።” ከኩርፊያው ሁለት ሳምንት በፊት የተጻፈ ነው። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ተመልሶ ይብራ አይብራ ሲስተር በምን ታውቃለች? ተመልሶ ቢበራስ ያቺ ግትር ሴትዮ “አጥፊልኝ” ብላ ትመጣለች? ሞታ ትገኛለች እንጂ አትመጣም።

ይህን እያሰበች ሳለ ከአጥሩ ማዶ ሞተር ተነሳ። ልብስ ሰፊዋ የተሰፋውን ለደንበኞቿ የምታደርሰው በዚህ ሰዓት ነው።

ሲስተር ደብተሩን ብብቷ ውስጥ አድርጋ፣ ኩሽኔታውንና ፌስታሉን ይዛ በነጠላ ጫማ ሮጠች። ስትደርስ የልብስ ሰፊዋ መኪና ግማሽ አካሏ ከበሩ ወጥቷል። ፊት ለፊቷ ቆመች። ልብስ ሰፊዋ ፍሬን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየቻትና መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አደረገችው።

“መንገድ ልቀቂ። ቅጠል ለመጥረግ ከሆነ ዘግይተሻል።”

ሲስተር ትንፋሿ አልመለስ ብሏታል። ጥቁሩን ፌስታል ኮፈኑ ላይ አነጠፈችና ኩሽኔታውን ቀለሙን እንዳይልጠው ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

“ሞተሩን አጥፊና ውረጂ” አለቻት። “የዛሬ ሦስት ወር ተኩል ያጠፋሁልሽ መብራት አለ። ተሳስቻለሁ።”

ልብስ ሰፊዋ አንዴ ኩሽኔታውን፣ አንዴ የሲስተርን ፊት አየች። ከዚያ እጇን ወደ ቁልፉ ሰደደች።