የመጥረቢያ ሌባ አረማመድ

ደምመላሽ ለንደን፣ ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር ባለ የቻይና ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰሃን ሲያጥብ ያተረፈው ነገር ቢኖር የቻይና አባባል ነው። ከማጠቢያው በላይ በየቀኑ አንድ ወረቀት የሚገነጠልበት ቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ በያንዳንዱ ወረቀት ላይ የጥንት ሰዎች የተናገሩት ነገር ተጽፏል። ባለቤቱ ሚስተር ሊን ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸው አዛውንት ናቸው። ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን ገንጥለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ ያስረዱታል፤ እሱም በባሰ እንግሊዝኛ ይሰማል። የዕለቱ አባባል ስለ ግብዝ ሆነ፣ ስለ ስግብግብ ሆነ፣ ወይም ሰው ሲወድቅ ስለሚስቅ ሰው፣ ደምመላሽ ስፖንጁን ጥሎ፣ «ይሄ እኮ ንዋይ ነው!» ይላል። ቻይናዎች ንዋይን በዚያ ዘመን እንዴት እንዳወቁት ይገርመዋል።

ንዋይ ኢንጂነር ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ነው፣ አፉ ማር ነው። ደምመላሽ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ አገር ጥሎ ሲመጣ፣ ለጥገኝነት ኢንተርቪው ክሮይደን ድረስ የወሰደው እሱ ነበር። ታዲያ ሰው በሞላበት ፎርም ሲሞላለት፣ «ትምህርት ስምንተኛ ልበል ወይስ ሰባተኛ?» ብሎ ጮኸ። እዚያ የነበሩት አበሾች ሳቁ። ሁሉም ረስቶታል። ደምመላሽ ግን የሳቁትን ሰዎች ጫማ ሳይቀር ያስታውሳል።

አሁን ደግሞ ይሄ መጣ። የሟች እህቱ ልጅ ሌዊ ሊያገባ ነው። ሌዊ በአራት ዓመቱ ለንደን ገብቶ እዚሁ ያደገ ነው። እሑድ ሦስት ሽማግሎች ዌምብሊ ሄደው የሙሽራዪቱን የሲናን አባት፣ «ልጅዎን ለልጃችን» ሊሉ ነው። ደምመላሽ በዚህ አገር አንድም ቀን ሰው ከመቀመጫው ተነስቶለት አያውቅም። ሽማግሌ ሆኖ ሲገባ ግን ቤቱ ሙሉ ይነሳለታል፤ የእህቱም ስም በእሱ አፍ ይጠራል። ሱፉን አስተኩሶ ሰቅሏል። ይኸው ዐርብ ሆነ፤ የጠራው የለም። ከሦስቱ አንዱ ንዋይ መሆኑን ግን ከሰው ሰማ።

«እሱ ነው ያስወጣኝ!» አለ ድስቱን እያንኳኳ። «ትናንት መንገድ ላይ አገኘሁት። ‹ደሜ እንዴት ነህ› ይለኛል። ሳቁ የሌባ፣ አረማመዱ የሌባ!»

ሚስተር ሊን ጎመን መክተፋቸውን ሳያቆሙ አንድ የአገራቸውን ተረት አወሩለት። ሰውዬው መጥረቢያ ጠፋበትና የጎረቤቱን ልጅ ጠረጠረ። ልጁን ሲያየው አረማመዱም አነጋገሩም የሌባ ሆነበት። ኋላ መጥረቢያውን ራሱ ከረሳበት ቦታ አገኘው። በማግስቱ ልጁን ቢያየው ምኑም ሌባ አይመስልም።

«ታዲያ እኔ የት ጣልኩ?» አለ ደምመላሽ ተቆጥቶ።

«ልጁ ጠይቆህ ነበር?»

«ሰኞ ደውሎ፣ ‹ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሆኑልኛል?› አለኝ።»

«ምን አልከው?»

«‹ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ የተማረ ሰው ሞልቶ› አልኩት። መግደርደር ነዋ! ይለምነኝ እንጂ! እሱ ‹ኦኬ ጋሼ፣ ኖ ፕሮብለም› ብሎ ዘጋው።»

አዛውንቱ ቢላዋቸውን አስቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ሦስት ጣት አወጡ። «እኛም አገር ሦስቴ ነው! ሦስቴ እምቢ ይባላል፣ ከዚያ እሺ። ልጅህ ግን የዚህ አገር ልጅ ነው። አንዴ እምቢ ካልከው አለቀ።»

ደምመላሽ እጁን ሳያደርቅ ስልኩን አንስቶ ደወለ።

«እርስዎ እኮ ኖ አሉኝ!» አለ ሌዊ። «አይ ዋዝ ሪሊ ኸርት፣ ጋሼ፣ በጣም ነው የከፋኝ። የእማዬን ስም እርስዎ እንዲያነሱልኝ ነበር የፈለግኩት። አሁን በእርስዎ ቦታ ጋሽ ንዋይን ለምኜ እንዴት ይውጡ እላለሁ? እሳቸው ከለቀቁልዎ ግን ደስታዬ ነው።»

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ደምመላሽ ንዋይን ባቡር ጣቢያው በር ላይ አገኘውና ነገሩን ሁሉ ነገረው።

«እኔማ ልጁ መጥቶ ‹አጎቴ እምቢ አለኝ› ቢለኝ ነው የገባሁት» አለ ንዋይ። «አጎቱ አንተ እያለህ እኔ ምን ቤት ነኝ? እኔ ልውጣ፣ አንተ ግባ፣ ደሜ።»

መጥረቢያው ተገኘ። ደምመላሽ ቀና ብሎ አየው። ንዋይ ሽበት የወረረው፣ ጉልበቱን የሚያመው ተራ ሰው ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ያቃጠለው ነገር ሊበርድ ሲል ይታወቀዋል። እሺ ማለት ብቻ ነበር የቀረው። አፉ ግን ያደገበትን አወጣ።

«ኧረ ምን ቆርጦኝ! አንተ እያለህ!»

ንዋይ ደሴ ተወልዶ ደሴ ያደገ ሰው ነው። ሠርግ ቤት ምግብ ሲቀርብለት ሦስቴ ሳያስለምን እጁን አይታጠብም። ሰዓቱን አየ።

«እንግዲህ እንዳልክ» አለና ትከሻውን ቸብ ቸብ አድርጎት ደረጃውን መውረድ ጀመረ።

ደምመላሽ አፉን ከፍቶ፣ ሁለተኛውን ልመና እየጠበቀ ቆመ። አሁን ይዞራል፣ አሁን ይዞራል ሲል፣ ሰውዬው ሳይዞር ታች ደረሰ። አረማመዱን ልብ ብሎ አየው። ቁርጥ የሌባ።