ዳንቴል የለበሰው ሬዲዮ

ከቴፒ ወጣ ብላ ባለችው የቡና መንደር፣ "መብራት ሊገባ ነው" ሲባል የተወለዱ ልጆች ዛሬ እነሱም ወልደዋል፤ ምሰሶው ግን እንኳን ሊቆም ገና አልተቆረጠም። ታዲያ አንድ ፕሮጀክት እጀታው ሲዞር የሚናገር ሬዲዮ ለመንደሩ ሲሰጥ፣ ሥልጠናውን ቴፒ ሄደው የወሰዱትም፣ ሬዲዮውን ታቅፈው የመጡትም እትዬ አጸደ ነበሩ። ሌላው ሰው ሁሉ ቡና ለቀማ ላይ ነበራ።

እትዬ አጸደ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ጭር ብሎባቸዋል። ልጆቹ አንዱ ጅማ፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው። ሲመሽ የሚያነጋግራቸው ዝናቡ ብቻ ነበር፤ የዚያ አገር ዝናብ ደግሞ ሲያወራ አያቆምም እንጂ አዲስ ወሬ የለውም። ሬዲዮው የገባ ዕለት ግን ጎረቤቱ ግልብጥ ብሎ መጣ።

"እጀታውን ካላዞራችሁ አይናገርም" አሏቸው እትዬ አጸደ። እውነታቸውን ነው። "ፀሐይ ላይ ከዋለ ግን ሳይዞርም ይናገራል" የሚለውን የሥልጠናውን ሌላ ግማሽ ዋጥ አደረጉት። በማግሥቱም አናቱ ላይ ያለችውን ሶላር የሚሸፍን ወፍራም ዳንቴል ሠርተው አለበሱት፤ ለእጀታው ቀዳዳ ተዉለት። ማን ይጠርጥር? የተከበረ ዕቃ ዳንቴል ሳይለብስ የት ቤት ተቀምጦ ያውቃል?

ከዚያ በኋላ ምሽቱ ሁሉ በተራ ማዞር ሆነ። ቲቶ የሚባለው ጎረምሳ ኳስ ሲሆን እጀታውን ሊነቅለው ይደርሳል፤ ስለ ቡና ሲወራ ያንቀላፋል። ባለሱቁ ጀይላን ደግሞ የራሱ በሽታ አለበት። የግብርና ባለሙያው "ያረጀ ቡና መጎንደል፣ ከግንዱ ተቆርጦ እንደ አዲስ ማቆጥቆጥ አለበት" ብሎ ሲጀምር፣ የአባቱን ቡና ሊቆርጡበት የመጡ ይመስል እጁን ከእጀታው ላይ ያነሣል። ባለሙያው ድምፁ እየሰለለ ሄዶ ይጠፋል።

"አዙር እንጂ፤ ሰውየውን ቃሉን ሳይጨርስ ልትቀብረው ነው?" ይላሉ እትዬ አጸደ።

"እትዬ፣ ክንዴ ወለቀ።"

"ሚዛን ላይ ጣትህን ስታሳርፍ አይወልቅም አይደል?"

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ይጎንደል የሚለውና አይጎንደል የሚለው ይያያዛል፤ ጎደሬ ተቀቅሎ ይቀርባል፤ ሬዲዮው ተረስቶ ወሬው ይቀጥላል። እትዬ አጸደ በእነዚያ ምሽቶች እንደገና ሰው ሆኑ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። አንድ ቀን ህሊና የምትባል የፕሮጀክቱ ሠራተኛ ሬዲዮውን ልታይ ከሚዛን አማን መጣች፤ ጎረቤቱም እትዬ አጸደ ቤት ተሰበሰበ።

"እንዴት ነው ሬዲዮው?" ብላ ጠየቀች።

"ደህና ነው፤ ክንድ ይበላል እንጂ" አላት ጀይላን።

"ለምን ታዞሩታላችሁ?" አለችና ዳንቴሉን ገፈፈችው። ሶላሯ ብልጭ አለች። መንደሩ ሶላር አሳምሮ ያውቃል፤ የሶላር ባትሪ የሌለው ቤት የለም። ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ እትዬ አጸደ ዞረ።

"ሥልጠናው ላይ ነግረናችሁ ነበር እኮ፣ እማማ" አለች ህሊና፣ ምን እንዳፈረሰች ሳታውቅ።

"ረስቼው ነው" አሉ እትዬ አጸደ።

ጀይላን ክንዱን እያሻሸ አያቸው። "ዳንቴሉንስ ረስተው ነው የሠሩት?"

ሬዲዮው የዚያኑ ዕለት ወደ ጀይላን ቤት ሄደ፤ ሌላው ቤት ሁሉ የቡና ጥላ ሥር ስለሆነ፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚያገኘው መንገድ ዳር ያለው የሱቁ ጣሪያ ብቻ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ክፉ ቃል አልተናገራቸውም። ቢሰድቧቸው ይሻላቸው ነበር። ሲመሽ ከማዶ የሬዲዮው ድምፅ ሳይቆራረጥ ይሰማቸዋል፤ እሳቸው በራቸውን ገርበብ አድርገው ይቀመጣሉ፤ የሚገባ የለም። ከእንግዲህ እዚህ ደጅ የሚረግጥ የለም ብለው ቆረጡ፤ በገዛ እጄ ነው እያሉም አለቀሱ።

አንድ ምሽት ደጁ ላይ ጭቃ የሚያራግፍ እግር ሰሙ። ጀይላን ሬዲዮውን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ቆሟል፤ ቲቶና ሌሎቹ ከኋላው ናቸው።

"ተበላሸ?" አሉ እትዬ አጸደ።

"ኧረ ደህና ነው። ዛሬ ፀሐይ ስለነበር ጢም ብሎ ሞልቷል።"

"ታዲያ ምን ልትሉኝ መጣችሁ?"

ጀይላን አንገቱን አከከ። "ባለሙያው ትናንት ስለ ጉንደላ ጀምሮ ጨረሰ። የሚያቋርጠው ጠፋ። 'ደህና እደሩ' ሲለን ሁላችንም ተነሥተን ወደየቤታችን ሄድን። እኔ ቤት የሚቆጣ ሰው የለም፣ እትዬ።"

እትዬ አጸደ በሩን ወለል አድርገው ከፈቱላቸው፤ ሰዉ ገብቶ በየቦታው ተቀመጠ። ጀይላን ሬዲዮውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠና፣ ማንም ተራህ ነው ሳይለው፣ እጀታውን ይዞ ማዞር ጀመረ።

"ሞልቷል አላልክም እንዴ?" አሉት።

"ሞልቷል" አለ ጀይላን፣ ማዞሩን ሳያቆም።

እትዬ አጸደ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። "እንግዲያው ደህና አድርገህ አዙር" አሉትና ጎደሬ ሊጥዱ ተነሡ።