ለጥምቀት የማይደርስ ሹሩባ

እና መጀመሪያ ጠጉሩን መክፈል ነው፣ ከግንባር እስከ ማጅራት፣ በወስፌ ጫፍ፣ መንገዱ ከተጣመመ ሹሩባው ሁሉ ጠማማ ይሆናል፣ ይህን ማንም አላስተማረኝም፣ በሣር ጀመርኩ፣ ከዚያ በላሚቱ ጭራ፣ ጎረቤታችን ውባየሁ በአጥር አይታኝ ምነው ገላነሽ ላሚቱን ልትድሪያት ነው እንዴ፣ ሚዜዋ እኔ ነኝ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች፣ ሳቂ፣ ይኸው ዛሬ እናቴ ጉልበቴ መካከል ተቀምጣለች፣ ጭንቅላቷ ትንሽ ነው፣ እንዲህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሦስት ዘለላ። ቀኙ በመካከለኛው ላይ፣ ግራው በመካከለኛው ላይ፣ በየመሻገሪያው ከሥር ጥቂት ጠጉር እያነሱ መጨመር፣ የማያውቅ ሰው ሦስቱንም እኩል ይጎትታል፣ ስሕተት ነው፣ የሚጎተተው የተሻገረው ብቻ ነው፣ ይህን ሳስብ ሌላውን አላስብም፣ እንግዲያው ይህን ላስብ።

ገላ፣ ጠበቅ አርጊው እንጂ፣ ለጥምቀት ገና ስምንት ቀን አለ፣ አያልነህ መጥቶ ጠጉሯ የተንጨባረረ እናት እንዳያገኝ።

እሺ እማ።

በደብዳቤው ለጥምቀት እደርሳለሁ ብሎ ነበር፣ ወንድሜ፣ ወታደሩ። ጠዋት ከርብ ወንዝ ውኃ ቀድቼ ስመለስ መሪጌታ ተክለ ሃይማኖት ከዋርካው ሥር ጠሩኝ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል፣ ልጄ አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ አያልነህ ሰሜን ጦር ግንባር ላይ ዐርፏል፣ ወረቀቱ ቀበሌ ደርሷል፣ እናትሽን ነገ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌ ይዘን እናረዳታለን፣ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ፣ መርዶ በማለዳ ነው ወጉ። እሺ አባ አልኩ። እንስራዬን አዝዬ መጣሁ፣ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

ነገ ይህን ሁሉ በሁለት እጇ ትነጨዋለች። በአባቴ መርዶ ጊዜ አይቻለሁ፣ ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ ሲነጭ ከነሥሩ ነው የሚወጣው፣ ጣቷ መካከል ደም ነበረ።

ገመድ ግን ዘለላው ሁለት ነው። ቃጫውን አርሶ እያንዳንዱን ወደ ቀኝ ማክረር፣ ከዚያ ሁለቱን ወደ ግራ መግመድ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከከረረ እጅ ሲለቀው ይፈታል፣ ሲጣሉ ነው የሚጸናው፣ ያሳየኝ አያልነህ ነው፣ በኋላ ግን በለጥኩት፣ የሱ ይላላል፣ የኔን በሬ አይበጥሰውም፣ አምና የኔን ስድስት ጥቅል ተሸክሞ ሊሸጥልኝ ይፋግ ገበያ ሄደ፣ ገበያው ተከበበ፣ ወጣቱ ታፈሰ፣ የአካባቢያችን ወጣቶች ለአብዮታዊት እናት ሀገር ጥሪ በፈቃደኝነት ምላሽ ሰጥተዋል ተብሎ በስብሰባ ተነበበ፣ በፈቃደኝነት፣ ያየ ሰው እንደነገረኝ ሁለት ሁለቱን ያሰሯቸው በኔው ገመድ ነው፣ አያልነህ ሆዬ እየሳቀ ኧረ ደግማችሁ አትቋጥሩ፣ የእኅቴ ገመድ ነው፣ አይፈታም አላቸው አሉ።

አልተፈታም። የሱ ገመድ ቢሆን ይፈታ ነበር። እኔ ምን አባቴ ላደርግ ነው ያን ያህል ያጠበቅሁት፣ ባለሙያ ለመባል፣ ለአንዲት ምስጋና።

ቀኙ በመካከለኛው ላይ። ጣቴን አላላሁ። ትንሽ። ግራው፣ ደግሞ ትንሽ፣ ቅቤው አንገቷ ላይ ወረደ፣ በነጠላዬ ጠረግኩት፣ በደጁ የጓያው አበባ ሰማያዊ ሆኖ እስከ ቁሐር ሚካኤል ተዘርግቷል፣ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ፣ እጄ ይችላል ማጥበቅ፣ ከማንም በላይ ይችላል፣ ዛሬ ግን ማላላት ነው ሙያ፣ ነገ ስትነጨው እንዲሁ እንዲለቃት፣ ቆዳዋን እንዳይዛት።

እናቴ እጇን ወደ ኋላ ላከች። ሹሩባውን ከግንባር እስከ ማጅራት ዳሰሰችው፣ ቀስ ብላ፣ አንድ በአንድ።

ገላ።

አቤት እማ።

የላሚቱን ጭራ እንኳ እንዲህ አላላሽውም።

የያዝኩትን ዘለላ አሻገርኩ።

ይህ እኮ ለጥምቀት አይደርስም።

እጇ ወርዶ እጄን ያዘው፣ ጣቶቼን ከነቅቤያቸው።

ማን ነገረሽ?

ሦስቱ ዘለላ እጄ ላይ ናቸው፣ ቀኙ በመካከለኛው ላይ፣ ግራው በመካከለኛው፣ ቀኙ፣ አይደለም፣ የተሻገረው የቱ ነበር፣ የቱን ነበር የምጎትተው፣